ለመሄድና ለመቅረት ድምፅ የሚሰጥ ቤተ ሰብ

በአዲስ አበባ ከተማ የልደታ ሰፈር ስሙን የወረሰው የእመቤታችን ልደት ከሚከበርባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ግን «ልደታ» የሚለውን ስም በሰማ ጊዜ «ልየታ» የሚለው ቃል አብሮ ይታሰበዋል፤ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነውና። ሰፈሩም በእውነት ሁለቱን ቃላት አስማምቶ የያዘ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በጀመረበት ዘመን የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላከው ወጣት እናቱን ስሞ፣ የአባቱን ምርቃት ተቀብሎ የሚለየው በዚያ ነበር። በኋላም የጄት አውሮፕላኖች በመጡ ጊዜ ሜዳው አልበቃ ስላለ በ1950ዎቹ ዓመታት መነሻው ወደ ቦሌ ተዛወረ።

መነሻው ቢዛወርም ምክሩ ከሰፈሩ አልተዛወረም። በኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ላይም ቢሆን፣ ሳይፈርስ በቀረው አሮጌ ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከሄደ በኋላ ቤተ ሰቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመክረው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ማን ይሂድ? በምን ገንዘብ ይሂድ? የሚቀረውስ ለማን ይቀራል? ይህ ምክር በየቤቱ በስውር የሚደረግ ሲሆን፣ በአውሮጳ ግን በቴሌቪዥን ተቀርጾ ለሕዝብ የሚታይ ትርኢት ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ ያ ትርኢት ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚጐድለው መመርመር ለልደታም ለሌላውም ሰፈር የሚጠቅም ነገር ነው።

ከእነዚህ ትርኢቶች ዋናው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በቢቢሲ የቀረበው «ወንትድ ዳውን አንደር» የተባለው ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ቢመልሱት በወዲያኛው በታችኛው አገር የሚፈለጉ ሰዎች እንደ ማለት ነው፤ እንግሊዞች አውስትራልያንና ኒውዚላንድን ከእግራቸው በታች እንዳሉ አድርገው መጥራት ልማዳቸው ነውና። በሆላንድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጀርመንም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የሚመስሉ ትርኢቶች ተነሥተዋል። ነገር ግን የሆላንዱና የጀርመኑ ቈርጦ የተነሣውን ሰው ተከትለው መከራውንና ዕድሉን የሚያሳዩ ሲሆኑ፣ የእንግሊዙ የሚያሳየው ገና ያልቈረጠውን ነው። ምክሩን በምክርነቱ ሳለ የሚያሳይ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ለምርመራ የተገባ ነው።

የትርኢቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ሆነው አገራቸውን ለመልቀቅ ያስባሉ፤ ከሁለቱም አንዱ ብዙ ጊዜ ይጓጓል፣ አንዱ ይፈራል። ትርኢቱም ለአንድ ሳምንት ያህል ወደሚመኙት አገር ይወስዳቸዋል። በመጀመሪያ በገንዘባቸው ልክ ሊገዙት የሚችሉትን ቤት ያያሉ። ከዚያም በየሙያቸው ሥራ የሚገኝ መሆኑንና ደመወዙ ስንት እንደሆነ ከአሠሪዎች ይጠይቃሉ። ቀጥሎም የዳቦውን፣ የሥጋውን፣ የመብራቱን ዋጋ ካገራቸው ዋጋ ጋራ ያስተያያሉ። ጥቂት ጊዜም በባሕር ዳር ይጫወታሉ። በዚህ ሁሉ መካከል በአገር የቀሩት ወላጆችና ወዳጆች አስቀድመው የተናገሩት ቃል በምስል ይታያቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ያለቅሳል። በመጨረሻም እያንዳንዱ፣ ልጆች ሳይቀሩ፣ የመረጠውን አገር የሚያመለክት ሰሌዳ ወደ ላይ ያነሣል፤ ትርኢቱም በዚህ ይፈጸማል።

ልኩን የጠበቀ ነገር መሆኑ አይካድም። ተመልካቹ ከየትኛው ቤት ቀጥሎ የትኛው ቤት እንደሚመጣ ያውቃል፤ እንደ ቅኔ ሰሚም መጨረሻው እንዴት እንደሚዘጋ በጉጉት ይጠብቃል። ነገር ግን በጉባኤ የተፈተነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤቱ የሞላ ቅኔ ሁሉ ሰምና ወርቁ የተስማማ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ መልካሙን፣ ቀጥሎም ጉድለቱን መናገር ይገባል።

መልካምነቱ በሦስት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው፣ ምክሩ የቤተ ሰብ ሁሉ ምክር መሆኑ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ ሰሌዳውን ሲያነሣ አባቱ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል፤ ከአባቱ የተለየ አገር ቢመርጥም አይቈጡትም። ሁለተኛው፣ ስለ ገንዘብ በግልጥ መናገሩ ነው። ሰው በምኞቱ ብቻ እንዳይሄድ የቤቱ ኪራይ ይህን ያህል፣ ደመወዙ ይህን ያህል ብሎ በፊቱ ይቈጥርለታል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የቀሪውን ቃል ማሰማቱ ነው። አያት በወንበሯ ተቀምጣ «ደስ ካላችሁ ሂዱ» ስትል አፏ የሚናገረው ሌላ፣ ዓይኗ የሚናገረው ሌላ ነው። በትርኢቱ ውስጥ እውነተኛ ቅኔ የሚገኘው በዚህ ስፍራ ብቻ ነው፤ ሰሙ ፈቃድ ነው፣ ወርቁም ልመና ነው።

ጉድለቱም እንዲሁ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ጉድለት፣ ሰባቱ ቀን የእንግዳ ቀን መሆኑ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው አገሩን የሚያየው በተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው፤ የሚያስተናግደው አለ፣ የሚያደርሰው አለ። ሁለተኛው ክረምት እንዴት እንደሚከብድ፣ ልጅ በታመመ ሌሊት በር የሚንኳኳበት ጎረቤት አለመኖሩን፣ በዓል በመጣ ጊዜ ዝምታው እንዴት እንደሚያስፈራ በሳምንት ውስጥ አይታወቅም። ሙሽርነትን አይቶ ትዳርን መፍረድ እንደማይቻል፣ ይህም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ አያት ቃል ተሰጣት እንጂ ሰሌዳ አልተሰጣትም። የምታለቅስ ሆና ታየች፤ የምትመርጥ ሆና ግን አልታየችም። እዚህ ላይ በአማርኛችን «ቤት» የሚለውን ቃል ማስታወስ ይገባል። ቤት ማለት ግንቡና ጣራው ነው፤ ቤት ማለት ደግሞ በውስጡ ያሉት ሰዎች፣ ትውልዱና ዘመዱ ነው። የትርኢቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቤት ሲፈልጉ ይውላሉ፤ አራት መኝታ፣ ሰፊ ግቢ፣ መዋኛም ያለው ያገኛሉ። ያንን ቤት ሲያገኙ ሌላው ቤት ከኋላቸው እንደሚፈርስ የሚያስታውሳቸው ያ አጭር መልእክት ብቻ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ነገር እንዲህ ተጣልቶ ሳለ ትርኢቱ ግንቡን በሰፊው፣ ሰዎቹን በጥቂቱ ማሳየቱ ኅብሩን አበላሽቶበታል።

ሦስተኛው ጉድለት፣ በሩ ለሁሉ የተከፈተ አስመስሎ መናገሩ ነው። እንግሊዛዊው ወደ አውስትራልያ ለመሄድ ሲመክር ከኋላው ረጅም ታሪክ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድ አዋቂ እንግሊዛዊ 10 ፓውንድ ብቻ ከፍሎ፣ ልጆቹም በነጻ ተሳፍረው ወደ አውስትራልያ እንዲሄዱ መንግሥታቱ ተስማምተው ነበር። በዚህም ሥርዓት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሄደዋል። ሁለት ዓመት ሳይቈይ ለመመለስ የፈለገ መንገደኛ የተረዳበትን ገንዘብ መመለስ ነበረበት፤ ይህም ሆኖ ከአራቱ አንዱ ያህል ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ይነገራል። በዚያው ዘመን ግን ያችው አገር በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ሕግ መሠረት አድርጋ ነጭ ያልሆነውን ሰው ከደጃፏ ትመልሰው ነበር፤ ይህም አሠራር ፈጽሞ የተሻረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በሩ ተከፍቶለት ልግባ ወይስ ልቅር ብሎ የሚመክር ሰው ምክርና በሩ ተዘግቶበት በየት ልግባ ብሎ የሚመክር ሰው ምክር አንድ አይደሉም።

የልደታው ምክር ይህ ሁለተኛው ነው። የሚሄድበትን አገር አስቀድሞ ሰባት ቀን የሚያይ ቤተ ሰብ በልደታ የለም። የሚያየው ቀድሞ የሄደ ዘመድ የላከውን ፎቶግራፍ ነው። ያም ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ እንደ ውስጠ ወይራ ቅኔ ነው፤ በላዩ ደስታ ተጽፎበታል፣ በውስጡ ግን የሌሊት ሥራ፣ ያልተከፈለ ዕዳና ለማንም የማይነገር ብቸኝነት አለ። ላኪው ስለሚያፍር ወርቁን ይሰውራል፤ ተቀባዩም ስለሚጓጓ ሰሙን ብቻ ያያል። ሁለቱም በፍቅር ይዋሻሉ፤ በዚህም ውሸት ሦስተኛው ሰው ይነሣና ይሄዳል።

የሚመርጠውም ሁልጊዜ ቤተ ሰቡ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በየዓመቱ እስከ 55 ሺህ ለሚደርሱ ሰዎች በዕጣ የመግቢያ ፈቃድ እንዲሰጥ በወሰነ ጊዜ፣ «ዲቪ» የሚለው ቃል ከልደታ እስከ ጎጃም የማይሰማበት ቤት አልነበረም። ዕጣው የደረሰው ሰው ይዞ ሊሄድ የተፈቀደለት የትዳር ጓደኛውንና 21 ዓመት ያልሞላቸውን ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። ያሳደገችው አያት፣ ያስተማረው ታላቅ ወንድም፣ አብራው የተራበች እኅት በዚያ ሕግ ቤተ ሰብ አይባሉም። ስለዚህ የባዕድ ሕግ «ቤት» የሚለውን ቃል ተርጕሞ በልደታ ግቢ ውስጥ ማን ቤተኛ፣ ማን ውጭ እንደሆነ ለየ ማለት ነው።

ዕጣ ያልደረሰውም በደላላ ይሄዳል። ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባርረው ተመለሱ፤ ብዙዎችም ለመሄጃ የተበደሩትን ገና ሳይከፍሉ ባዶ እጃቸውን ከአውሮፕላን ወረዱ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በሊብያ ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ወንድሞች ሞት በምስል ተሰማ። ከእነርሱም መካከል ከልደታ ብዙ ከማይርቀው ከቂርቆስ ሰፈር የወጡ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላ ተቀበለቻቸው። ሰማዕትነታቸው የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ከመሄዳቸው በፊት በየቤቱ የተደረገው ምክር ምን ይመስል እንደ ነበረ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ስለ መሄድ የተጻፈውን ታላቅ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው መጽሐፈ ሩት አለለት። በይሁዳ ምድር ራብ በሆነ ጊዜ አቤሜሌክ ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ከቤተ ልሔም ወደ ሞአብ ተሰደደ። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ እንጀራ ፍለጋ የእንጀራን ቤት ትቶ መውጣት በራሱ ትልቅ ቅኔ ነው። መጽሐፉ ኑኃሚን ተጠይቃ እንደ ሆነ አይነግረንም። የመሄዱን ነገር በጥቂት ቃል ያልፈውና ዋጋውን ይቈጥራል፤ አባት ሞተ፣ ልጆቹም ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ሞቱ፣ እናት በባዕድ አገር ሦስት መቃብር ትታ ከምራቷ ጋራ ተመለሰች። እንግሊዞች ትርኢታቸውን በፈጸሙበት ስፍራ መጽሐፈ ሩት ይጀምራል። ነገሩም በሐዘን አላለቀም፤ ለባዕድ አገር የሰጠችውን ሁሉ ያጣችው ሴት ከባዕድ አገር ያገኘቻት ሩት ከሰባት ልጆች የምትሻል ሆነችላት። ስደት ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚሰጥ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ድርሰት ማግኘት ያስቸግራል።

የአገራችንም ደራስያን ስለዚህ ነገር አላሰቡም አይባልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ከተጕለት ተነሥቶ በአውሮጳ የተማረው አወቀ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ከዘመዶቹ ልማድ ጋራ እንዴት እንደ ተጋጨ ጽፈዋል። ኃይሌ ገሪማም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ጤዛ» በተባለው ፊልም፣ በጀርመን አገር ሐኪም ሆኖ የነበረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ አሳይቷል። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ከሰባ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለ፤ አንዱ በተስፋ የተጻፈ ነው፣ ሌላው በሐዘን። ሆኖም የሁለቱም ክብደት የተጣለው በመመለሻው ቀን ላይ ነው። የመሄጃው ዋዜማ፣ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የመከረበት ሌሊት፣ እናት የጆሮ ወርቋን አውልቃ በጨርቅ የቋጠረችበት ሰዓት፣ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ማዕከል አልሆነም። እንግሊዞቹ በትንሽ ጥበብ የነኩትን ይህን ስፍራ የእኛ ሰዎች በትልቅ ጥበብ ሊነኩት ይገባቸዋል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከአገሩ እንዳይወጣ ለመከልከል የተባለ ነው ይል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። አብርሃም ከአባቱ ቤት ባይወጣ ኖሮ በረከቱ ባልደረሰን ነበር። ያዕቆብም በራብ ምክንያት ከነልጆቹ ወደ ግብፅ ወርዷል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን የጽጌ ወራት የምትጾመውና ማኅሌት የምትቆመው የእመቤታችንንና የልጇን ስደት ለማሰብ ነው። የአብነት ተማሪውም ቢሆን አኵፋዳውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ እናቱ ሳታውቅ ከመንደሩ ወጥቶ በባዕድ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማር ስደተኛ ነው፤ የአገሪቱ ዕውቀት የቆመው በእንደዚህ ያለ ስደት ላይ ነው። ስለዚህ መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ መቅረትም ጽድቅ አይደለም።

ልዩነቱ ግን በዚህ ነው። ቅዱስ ዮሴፍ ለምን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስም ተነገረው። ተማሪውም የሚፈልገውን ያውቃል፤ ዜማውን ወይም ቅኔውን ሲጨርስ ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል። ዓላማውን የሚያውቅ ስደት መንገድ ነው፤ ዓላማውን የማያውቅ ስደት ግን መጥፋት ነው። በልደታ የሚደረገው ምክር ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከእንግሊዞቹ ትርኢት ጉድለት ይብሳል፤ እነርሱ ቢያንስ የዳቦውን ዋጋ ጠይቀዋል።

በአገራችን ቴሌቪዥን ከተጀመረ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ጣቢያው ብዙ ነው፣ ተከታታይ ድራማውም ብዙ ነው፤ ቤተ ሰቡም ማታ ማታ በአንድነት ተቀምጦ ያያል። እንግዲህ ይህን ምክር ርእስ አድርጎ የሚነሣ ሰው ቢገኝ ከባዕዱ ትርኢት መልካሙን ወስዶ ጉድለቱን መሙላት አያቅተውም። የባሕሩን ዳርቻ ከማሳየቱ በፊት የሥራውን ቀን ከንጋት እስከ ሌሊት ያሳይ። ገንዘቡን ከላኪው ብቻ ሳይሆን ከተበዳሪውም በኩል ይቍጠር። ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው አሳፍሮ ሳይሆን አክብሮ ከምክሩ መካከል ያስቀምጠው፤ መንገዱን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለምና። ከዓመታት በኋላም ወደ ሄደውና ወደ ቀረው ቤት ተመልሶ ይጠይቅ፤ እንግሊዞችም ቀድሞ የመከሩትን ቤተ ሰቦች ዳግመኛ ሄደው የሚጠይቁበት ክፍል ማዘጋጀታቸው ከሥራቸው ሁሉ የተመረጠው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ለአያት ሰሌዳ ይስጣት። ሰሌዳውን ብታነሣም ባታነሣም፣ ሂዱ ብትልም ቅሩ ብትልም፣ ቃሏ ከሚሄደው ቃል ጋራ እኩል ይቈጠር። የሚሄደው ልጅ የእርሷን መልስ በግልጥ ሰምቶ ከሄደ በባዕድ አገር ሌሊት የሚያስታውሰው እንባዋን ብቻ ሳይሆን ምርቃቷንም ይሆናል፤ መልሷን ሰምቶ ከቀረም መቅረቱ በኋላ ቂም አይሆንበትም። በልደታ ሜዳ ላይ በቀድሞ ዘመን አባት ልጁን መርቆ ሲሸኝ የነበረው ይህንኑ ለማድረግ ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ ከልደታ አይነሣም፤ ምርቃቱ ግን አሁንም ከዚያው ከቤት መነሣት አለበት። ቤት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቤቱን አፍርሶ እንዳይሄድ፣ ልብ ያለው ሁሉ ልብ ያድርግ።